ማሽኑ ዝም የሚልበት ቦታ

የጋሽ ኪሮስን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ስልከኛ ነኝና የብዙ ሰው ሞት በጆሮዬ አልፏል። ላገር ሁሉ መርዶ አቀብዬ ምሳዬን በደንብ የምበላ ሰው ነበርኩ። የዚያን ዕለት ግን ሰቆጣ ላይ የእኔን ወንበር የወረሰው ልጅ መስመር ውስጥ ገባና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የማገናኝዎ ሰው የለኝም፤ እርስዎን ፈልጌ ነው» አለኝ። ገና ሳይጨርስ ገባኝ።

«ጋሽ ኪሮስ?» አልኩት።

«አዎን። ትናንት ቀበርናቸው። ደግሞ የተናዘዙት ነገር አለ፤ ለስልከኛው ንገሩት ብለዋል።»

ወልድያ ነበርኩ። ከውጭ የአውቶቡስ ረዳቶች ይጮኻሉ፤ መስመሩም እንደ ልማዱ ይንሾካሾካል። ልጁን «ትንሽ ቆይ፣ እንዳትዘጋው» አልኩት። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው። «መጀመሪያ ዝምታውን እንስማ፤ ወሬው የትም አይሄድም» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ኪሮስ ማን ናቸው ብላችሁ ሰቆጣ ገበያ ላይ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ አንድ አልነበረም። ግማሹ «ወርቅ ፈላጊው» ይላቸዋል። ግማሹ ጆሯቸው ላይ የሚደፉትን ነገር አይቶ ከአጋንንት ጋር የሚነጋገሩ ይመስለዋል። የዕለት እንጀራቸው ጥገና ነው፤ ፋኖስ፣ የስፌት መኪና፣ አልፎ አልፎም የመምህራኑን ሬዲዮ ይጠግናሉ። ስም ያወጣላቸው ግን ይህ አይደለም። ስም ያወጣላቸው እንግሊዞች ፈንጂ ሲፈልጉበት ኖረው፣ ሲበላሽ የጣሉት ማሽን ነው። የከተማው ሰው «አነፍናፊው» ይለዋል።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የማሽኑን የባትሪ ድንጋይ ሣጥን ለዓመታት ከማንገታቸው የተነሣ ግራ ትከሻቸው ዘመም ብሏል። አንገታቸውም ከጆሮ ማዳመጫው ጋር የለመደው ጠመም ማለት በባዶ ጆሯቸውም አልለቀቃቸውም። ሰው ሲጠይቃቸው ወዲያው አይመልሱም። አንዲት ጣታቸውን ከፍ አድርገው ይጠብቃሉ፤ መልሱ የሚመጣው እናንተ ጥያቄያችሁን ከረሳችሁ በኋላ ነው። ችኩል ሰው ከሳቸው ጋር ሁለት ጊዜ አያወራም። እኔ ችኩል ነበርኩ፤ እንዴት እንደቻልኳቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የደሴ ልጅ ነኝ። ሰቆጣ ስልክ ቤት ስመደብ አገሩን አላውቀውም፤ ቋንቋውን ኽምጣኛን አልሰማም፤ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ስለመጣሁም ሁሉንም ነገር አኩርፌ ነበር። አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ አንድ ረጅም ሰው ቆሙና፣

«ስልከኛው፣ የሞተ ድንጋይ አለህ?» አሉኝ።

«የምን ድንጋይ?»

«የባትሪ ድንጋይ። ለስልክ የሞተው ለእኔ ገና ትንሽ ነፍስ አለው።»

ጥግ ላይ የተከመረውን አሳየኋቸው። አንድ በአንድ በምላሳቸው እየቀመሱ መረጡ። ሊሄዱ ሲሉ የጆሮ ማዳመጫዬ ሲያፏጭ ሰሙና ሳይጠይቁኝ ከጆሮዬ ላይ ወሰዱት። በኪሳቸው ከያዙት ቢላ ጋር ትንሽ ታገሉ፤ ሲመልሱልኝ ፉጨቱ የለም። በዚያው ወዳጅ ሆንን። ያለቀ ድንጋይ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም።

ማሽኑን ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ከታች መሬት ለመሬት የሚሄድ ክብ ሳህን፣ ከላይ እጀታ፣ በጎን የሚነገት ሣጥን፣ ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ እያዟዟሩ ድምፁን ያጠፉታል፤ ሳህኑ ብረት ባለበት ሲያልፍ ይጮኻል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ከእንግሊዞቹ እጅ የወጣው ማሽን አንድም የቀረለት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ሳህኑ ተሰብሮ ስለነበር ጋሽ ኪሮስ ከገበቴ ጠርበው ሌላ ሠርተውለታል፤ ሽቦውን ራሳቸው ጠምጥመው በሰም አሽገውታል። እጀታው በሽመል ተተክቷል። በውስጡ የሚበሩት አምፖሎች ከሞቱ ሬዲዮኖች የመጡ ናቸው፤ ያመጡላቸውም ባለሱቁ ወዳጃቸው ሐጂ እንድሪስ ናቸው።

«አንተ ኪሮስ» ይሏቸዋል ሐጂ እየሳቁ፣ «ይኼ እቃ እኮ ከእንግሊዝ የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው።»

አንድ ሚስማር አልነካውም። የተጣበቀው በሙጫና በጠፍር፣ በእንጨት ሽብልቅ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ጣታቸውን አነሡ፤ ጠበቅሁ። «ሚስማር ያለበት እንደሆነ ከሰው ብረት በፊት የራሱን ይሰማል» አሉኝ። በዚሁ ምክንያት ማሽኑን ይዘው ሲወጡ ራሳቸውም ብረት አይዙም። የቤታቸውን ቁልፍ ለእናታቸው ይተዋሉ። በረባሷቸው እንኳ በሚስማር ሳይሆን በጠፍር የተሰፋ ነበር።

እኔን መጀመሪያ ቀን ይዘውኝ ሲወጡ ቀበቶዬን አስወለቁኝ። ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ሄደን ሄደን፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን ቀይ አፋፍ የሚባለውን ዳገት ሱሪዬን በእጄ ይዤ ወጣሁት። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች አይተውኝ ሲሳሳቁ ትዝ ይለኛል። «መንግሥት የላከው ሰው ነው» ብለው ነገሯቸው ጋሽ ኪሮስ፣ ፈገግም ሳይሉ።

ቀይ አፋፍ ስሙ እንደሚለው ነው። መሬቱ ቀይ፣ ድንጋዩ ከባድና የዛገ የሚመስል። ማሽኑን የትም ብታስጠጉት ይጮኻል። ከአፋፉ ጫፍ ግን ግንዷ ለሁለት የተሰነጠቀ አንዲት ወይራ አለች፤ ሥሯ ድንጋይ የሌለው ገር አፈር ነው። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከዚያ ነበር። ሳህኑን አፈሩ ላይ ያሳርፉና ቁልፉን ቀስ እያሉ ያዞራሉ፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ ይጠፋል።

«አየህ፣ ድንጋዩ ራሱ ብረት አለበት፤ ይዋሻል» አሉኝ። «ማሽኑ ዝም ብሎ ካልጀመረ በኋላ የሚናገረው አይታመንም። ዝም የሚልበት ቦታ ደግሞ በዚህ አፋፍ ሁሉ ይቺ ብቻ ናት።» ማዳመጫውን አንሥተው ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። «ሰማህ? እዚህ ምንም የለም።»

እውነትም ምንም አልነበረም። ከግንዱ ላይ ተደግፈን ቆሎ በላን። እኔም ጊዜው ነው ብዬ ከተማው ሁሉ የሚፈልገውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ወርቁን ማን የቀበረው ነው?»

«ወርቅ አይደለም፤ ወንድሜ ነው» አሉኝ።

ገብሩ ታናሻቸው ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጋሽ ኪሮስ አስመራ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ወንድማቸው እናቱ ቤት ነበር፤ ሸፈተ። አባታቸው የተዉትን ዝናር፣ ያንን መቆለፊያው ናስ የሆነውን ታጥቆ፣ እናቱም ከክንዳቸው የብር አምባር አውልቀው አጥልቀውለት ወጣ። ቀይ አፋፍ ላይ በተደረገው ውጊያ ወደቀ። ጓደኞቹ ተበተኑ፤ ያየሁት ብሎ የመጣ ሰው የለም። ለእናቱ የደረሰው ወሬ «ሜዳ ላይ ቀረ» የሚል ብቻ ነው።

«እኔ የጣሊያን ብሎን ሳጠብቅ እሱ በጣሊያን ጥይት ሞተ» አሉኝ ጋሽ ኪሮስ። ይህን ሲሉ ጣታቸውን አላነሡም፤ ለብዙ ጊዜ አፋቸው ላይ የነበረ ነገር ነው። ጣሊያን ሲወጣ ከእንግሊዞቹ ጋር ፈንጂ ሲያስሱ የዋሉት፣ ማሽኑንም ተሸክመው ሰቆጣ ድረስ የመጡት ለዚህ ነበር። ዝናሩ ይጮኻል፣ አምባሩ ይጮኻል ብለው ነው።

እናታቸው እማማ ለተብርሃን ነበሩ። ቤት የሚያወሩት በኽምጣኛ ነው። ከአፋፉ በተመለስን ቁጥር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ልጃቸው አንዲት መልስ ይመልሳሉ። ቋንቋውን ባልሰማም ጥያቄውንም መልሱንም አወቅሁት። ከዚያ እማማ የገበቴውን ሳህን ወደ ጉልበታቸው ይስቡና የተጣበቀበትን አፈር በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። አፈሩን አሽትተው ያያሉ። ከዚያ ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው ለልጃቸው ይመልሳሉ።

ሣጥናቸው ውስጥ ራሳቸው የፈተሉት መግነዝ ነበር፤ የገብሩ ነው። አጽሙ ተለቅሞ በዚያ ተገንዞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አባቱ አጠገብ እስኪገባ ድረስ ተዝካሩ አይበላም ብለው ይህን ሁሉ ዘመን ኖረዋል። ዘመድ «የፍትሐቱ ነገር ይበቃል፤ ነፍሱን አስታውሰን እንብላለት» ቢላቸው፣ «ልጄን ሜዳ ላይ ትቼ ድግስ ልብላ?» ነበር መልሳቸው። ሰቆጣ ስለ ልጃቸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይል ነበር። ዘራቸው ነው ያላለው እናቲቱን ስለማያውቃቸው ነው።

እኔን አንድ ቀን እጄን ይዘው በተሰባበረ አማርኛ ያሉኝ አይረሳኝም። «ልጄ፣ አንተ ሩቅ አገር ትሰማለህ አሉ። ደሴ ትሰማለህ፣ አዲስ አበባ ትሰማለህ። ቀይ አፋፍ እዚህ ናት። ከዚያ የሚመጣ ነገር የለም?»

«የለም እማማ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ የፊታውራሪው ነገር መጣ። በአካባቢው ትልቅ ርስት ያላቸው አንድ ፊታውራሪ ነበሩ፤ ጣሊያን ሲሸሽ የወርቅ ሣጥን ቀብሯል የሚል ወሬ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ከአስመራ አዲስ ማሽን አስመጡ። ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከገበቴ ያልተሠራ። የሚያሠራው ሰው ግን ጠፋ፤ ስለዚህ ጋሽ ኪሮስን አስጠሩ። ጋሽ ኪሮስ ጣታቸውን አንሥተው ጠበቁ፤ ፊታውራሪው መጠበቅ ስላልለመዱ ተቆጡ። በመጨረሻ ተስማሙ። የጣሊያን ሠፈር የነበረው ቦታ ይፈተሻል፤ ከዚያ ማሽኑ ለአንድ እሑድ ለጋሽ ኪሮስ ይሰጣል።

ያ ቁፋሮ ሰቆጣን ሰንበት ለሰንበት ያዝናና ነበር። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር የፊታውራሪው ሰዎች ይቆፍራሉ። የሳርዲን ቆርቆሮ ወጣ። የበቅሎ ጫማ ወጣ። ደግሞ የሳርዲን ቆርቆሮ ወጣ። ሐጂ እንድሪስ ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው «ላም አለኝ በሰማይ» ሲሉ፣ የቆመው ሁሉ «ወተቷንም አላይ» እያለ ይጨርስላቸው ነበር። ፊታውራሪው ተናደዱ፤ ቢሆንም ቃላቸውን አላጠፉም።

በዚያች እሑድ አብሬ ሄድኩ። ጋሽ ኪሮስን እንደዚያ ሲቻኮሉ አይቻቸው አላውቅም፤ ዳገቱን ቀድመውኝ ወጡ። አዲሱን ማሽን ወይራዋ ሥር አሳርፈው አስተካከሉት። ወዲያው ዝም አለ።

«ይኼም ይስማማል» አሉ። «እዚህ ምንም የለም።»

ከዚያ አፋፉን ፈተሹት። አዲሱ ማሽን ጆሮው ረቂቅ ስለሆነ ድንጋዩን ሁሉ እንደ ብረት ቆጠረው፤ ያለማቋረጥ ጮኸ። ከሌላው ጎላ ብሎ የጮኸበትን ሁሉ ቆፈርን። የጥይት ቀለሆች፣ የጣሊያን ልብስ ቁልፎች፣ አንድ የተጨመደደ የውኃ ኮዳ አገኘን። ኮዳውን ባገኘን ጊዜ ተንበርክከው በጣታቸው አፈሩን ጫሩ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ማዳመጫውን አውልቀው ወይራዋ ሥር ተቀመጡ፤ ከሰዓታት ጩኸት በኋላ ጆሯቸውን ለማሳረፍ ሁልጊዜ የሚመለሱት እዚያ ነው።

«አዲሱን ፊታውራሪው ቢሰጡዎትስ?» አልኳቸው። «አሮጌውን መጠገን ይበቃዎታል።»

«አሮጌው ይሻለኛል» አሉ። «ቢያንስ ውሸቱን አውቀዋለሁ።»

በማግሥቱ አሮጌውን ፈትተው ሽቦውን እንደገና ሲጠመጥሙ አገኘኋቸው።

እማማ ለተብርሃን ያረፉት ከዚያ በኋላ በክረምት ነው። ሊሞቱ ሲሉ አንድ ነገር በኽምጣኛ ተናገሩ፤ ጋሽ ኪሮስም መለሱላቸው። ጥያቄው ያው የድሮው እንደነበረ ነግረውኛል። ሴቶቹ ሲገንዟቸው ሣጥን ውስጥ ያለውን መግነዝ ሊያወጡ ነበር፤ ጋሽ ኪሮስ ከለከሉ። እናቲቱ «የገብሩን እንዳትነኩ» ብለው አስምለዋቸዋል። ከሐጂ እንድሪስ ሱቅ አቡጀዴ መጣ።

አርባቸው ሲደርስ ዳስ ተጣለ። ካህናቱ ገቡ፣ ጎረቤቱ ገባ፣ ነዳያኑ ገቡ። ከነዳያኑ ጋር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ፤ አባ ወልደ ገብርኤል ይባላሉ። ከተከዜ ማዶ ካለ ገዳም ከመሞታቸው በፊት አገራቸውን ሊያዩ የመጡ ናቸው። በሉ፤ ባረኩ። ጋሽ ኪሮስ የቤቱ ባለቤት ስለሆኑ ራሳቸው ማንቆርቆሪያ ይዘው እየዞሩ እጅ ያስታጥባሉ። አባ እጃቸውን እንደዘረጉ ከጎናቸው የተቀመጠውን ጎረቤት ጠየቁት።

«ሟቿ የማን እናት ናት?»

«የእኚህ የሚያስታጥቡዎት፣ የኪሮስ። ሌላም ልጅ ነበራቸው፤ ገብሩ የሚባል። በጣሊያን ጊዜ ቀይ አፋፍ ሜዳ ላይ ቀረ።»

«አልቀረም» አሉ አባ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ጋሽ ኪሮስ ውኃውን ማፍሰስ አላቆሙም። ማንቆርቆሪያው እስኪደርቅ ድረስ የመነኩሴው እጅ ላይ ሲወርድ አየሁት። ከጎናቸው ተነሥቼ ቆምኩ።

«የት?» አሉ።

«ከወይራዋ ሥር። ግንዷ ለሁለት ከተሰነጠቀችው።»

«የትኛዋ ወይራ?»

«ከአፋፉ ላይ ሌላ ወይራ አለ እንዴ? ሌላው ሁሉ ድንጋይ አይደለም? መቃብር የሚወጣው አፈር እዚያ ብቻ ነበር፤ በጎራዴና በእጃችን ነው የቆፈርነው።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። የጋሽ ኪሮስን ፊት ማየት አልቻልኩም።

«አባ» አሉ፣ «አምባር ነበረው። ዝናር ነበረው፣ መቆለፊያው የናስ።»

«ነበረው። ዝናሩን እኔ ታጠቅሁት፤ ጥይት ብርቅ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አምባሩን መጀመሪያ ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ለፍትሐቱ ሰጠሁለት። የቀረውንም ብረት ሁሉ ፈታንለት፤ ወስፌ እንኳ ኪሱ ነበር፣ አወጣሁት። ክርስቲያን ሰው ብረት ታጥቆ ይቀበራል? በኩታዬ ገንዤ በማተቡ ብቻ አስተኛሁት። ከዚያ ባንዳ እንዳያወጣው ብለን መሬቱን ደልድለን ቅጠል በተንንበት።»

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ ታዲያ?» አለ ጎረቤትየው በቁጣ።

«ከጓደኞቹ አንዱ ነበርኩ፤ ቆስዬ ተከዜን ተሻገርኩ። አገሩ ተቃጠለ፣ ከቤቱ የተረፈ የለም አሉኝ። ለማን ልንገር?»

ጋሽ ኪሮስ ባዶውን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ናቸው። «ገናዥ ነበረው» አሉ ቀስ ብለው፤ ለማንም አልነበረም። «ሜዳ ላይ ቀረ ሲሉኝ፣ አጠገቡ ደግ ሰው ይኖራል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው የመነኩሴውን እርጥብ እጅ ሳሙ። ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። እናቲቱ የሞቱት ገና አርባ ቀናቸው ነው። ይህ ሰው ከሁለት ወር በፊት ቢመጣ ምን ነበረበት እያልኩ እግዚአብሔርን ሳማርር ቆየሁ፤ አሁንም ያንን ሳስብ ያንገበግበኛል።

በማግሥቱ ከካህናቱና ከአባ ጋር ቀይ አፋፍ ወጣን። ማንም ሳይነግረኝ ቀበቶዬን ቤት ትቼ ነበር። ጋሽ ኪሮስ ማሽኑን ይዘዋል። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ራቅ አድርገው እንዲቆዩ ለመኗቸውና ሳህኑን ወይራዋ ሥር አሳረፉት። ሁልጊዜ ተደግፈን ቆሎ የምንበላበት ቦታ ነው። ቁልፉን አዞሩ። ማዳመጫውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ጋሼ።»

«እኔም ይህን ሁሉ ዘመን የሰማሁት ይህንኑ ነው» አሉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ካህናቱም ጠበቋቸው።

አጽሙ ሩቅ አልነበረም። ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ እጆቹ በደንብ ተሰብስበው ነበር፤ የተቻኮለ ሰው ሥራ አይመስልም። ጋሽ ኪሮስ አንድ በአንድ እየተቀበሉ እናታቸው በፈተሉት መግነዝ ላይ አኖሩት። ከእማማ ለተብርሃን አጠገብ፣ አፈራቸው ገና ሳይጠብቅ ተቀበረ። የገብሩ ተዝካር በዚያው ሳምንት ተበላ። ሐጂ እንድሪስም ሱቃቸውን ዘግተው ከዳሱ ውጭ ከሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ጋር ተቀምጠው ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኪሮስ ፋኖስ መጠገናቸውን አልተዉም፤ ማሽኑን ግን አልነኩትም። ወርቅ ይፈልጉልን የሚሉ ሲመጡ «ዐርፏል» ይሏቸዋል። እኔ ወደ ወልድያ ስዛወር የተጠራቀመ ድንጋይ ይዤ ልሰናበታቸው ሄድኩ። አንዱን አንሥተው በምላሳቸው ቀመሱ። «ገና ነፍስ አለው» አሉና መለሱልኝ። «ለስልክህ አድርገው።» አንገታቸው እንደተጠመመ በር ድረስ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እንግዲህ ልጁ መስመሩ ላይ እየጠበቀኝ ነው።

«በል ንገረኝ» አልኩት። «ምን ብለው ተናዘዙ?»

«ራሳቸውን ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጎን ነው የቀበርናቸው። ማሽኑን ግን ወይራዋ ሥር ቅበሩልኝ ብለው ነበር፣ አጽሙ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ። ቀበርነው። ገበቴውንም ዙሪያውን ሚስማር ምቱበት ብለው ነበር፤ ያገኘነውን ሁሉ መታንበት።»

«ሚስማር?» አልኩ። እሳቸው፣ ሚስማር!

«አዎን። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። እንደሚያውቋቸው ጣታቸውን አንሥተው ቆዩ።»

«ከዚያስ?»

«‹ሌላ ሰው ማሽን ይዞ ሲመጣ ይጩህበት› አሉኝ። ‹እዚህ ምንም የለም ብሎ እንዳይቀመጥበት።›»